ቀፎ የተፈረደላት ሴት

አንድ ሰው ነበረ፤ ቀፎ ሰቅሎ የሚጠፋ።

እማሆይ እንዲህ ብለው የጀመሩት ትርንጎ ለጠየቀቻቸው ነገር መልስ ሲሰጡ ነው። ትርንጎ የሰባት ዓመት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ለፋሲካ ያመጣላት ጫማ እንኳ በሁለት ቁጥር አንሷት ተረከዙን ረግጣ ትጫማዋለች። ትርንጎ ልጅቷን የማሳደግ መብት ለእሷ ብቻ እንዲሆን ፍርድ ቤት አመልክታለች፤ ሐሙስ ይወሰናል። ያደከማት ግን ክርክሩ አይደለም። በየበዓሉ ዋዜማ ልጅቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «አባዬ ዛሬ ይመጣል?» ማለቷ ነው። «እማሆይ፣ ልጄን ለእኔ ከወሰኑልኝ በኋላ አባትሽ ሞቷል ብላት ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለቻቸው።

ሰውየው ቀፎውን የሰቀለው በአንዲት ሴት ደጅ፣ እሱ ራሱ በተከለው ዋንዛ ላይ ነበር። ሰቅሎ ቆላ ወረደ። ጉንዳን ሲወጣ ከግንዱ ሥር አመድ የምትነሰንስ እሷ፤ በበጋ ውኃ በገበታ የምታቀርብ እሷ፤ ተነድፋ ፊቷ አብጦ የምትሰነብት እሷ። እሱ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ብቅ ይልና «ንቦቼ እንዴት ከረሙ?» ይላታል። ይሄ «ንቦቼ» የሚለው ቃል ከንቡ በላይ ይነድፋት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከሰሰችው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስጠሩት፤ አልመጣም። በሦስተኛው «ቀፎ የጠባቂው ነው» ብለው ፈረዱላት። ደግ ፈረዱ።

ሴትዮዋ ደስ ሊላት ሲገባ ደክሟት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደጇ ላይ ዋንዛው ቆሟል። ዛፉን ባየች ቁጥር እሱን ልታይ ነው። ቀፎ የሚነሣው ሲመሽ፣ ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ መሆኑን አገር ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ግን እስኪመሽ መታገሥ አቃታት። በጠራራ ፀሐይ ቀፎውን አውርዳ ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ ዛፉንም አስቆረጠችው።

ከሰዓት በኋላ ንቦቹ ከአበባ ተመለሱ። ወደ ጓሮ የሄደ አንድም የለም። ቅርንጫፉ በነበረበት ቁመት ልክ፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ ይዞሩ ጀመር። አጠነች፣ ውኃ ረጨች፣ ለመነቻቸው። አልሰሟትም። ሲበርድ ጉቶው ላይ ረገፉ። ጎረቤቷ የሆኑ አንድ አዛውንት በአጥሩ በኩል ሲያዩ ቆይተው፣ «አንቺ ሴት፣ ቀፎው ያንቺ ነው ተባለ እንጂ ዛፉ አልነበረም ተባለልሽ?» አሏት።

እማሆይ ተረቱን እዚህ ላይ አቆሙ። ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«ቅዳሜ ሞቷል ብዬ ነግሬያታለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምን አለችሽ?»

«ጫማውን አጥባ አሰጣችው።»

እማሆይ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲያው ያልነገርኩሽ አለ» አሉ። ሴትዮዋ በማግሥቱ ቀፎውን ከጓሮ ተሸክማ አምጥታ ጉቶው ላይ አስቀመጠችው። የሞተው ሞተ፤ የተረፈው ገባ።

«አንቺም ልጄ፣ ሐሙስ ፍርድ ቤት ሄደሽ ልጅሽ ላንቺ እንድትሆን ጠይቂ። ድምፅሽ አይንቀጥቀጥ፤ በትኩሳቷ ቁጭ ብለሽ ያደርሽ አንቺ ነሽ። ግን ልጅቷ እንደዚያ ንብ ናት፤ የቅርንጫፉን መንገድ ቀድማ ለምዳዋለች። አንቺ ቆርጠሽዋል፤ ጉቶው ግን አለ። ዛሬ እዚያ ደጃፍ ላይ አብረሻት ተቀመጪ። አባትሽ አለ፤ እንደ ልብ የማይመጣ ነው እንጂ የሞተ አይደለም፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ በያት። ታለቅሳለች፤ ትቆጣሻለች። ስትጨርስ የምትገባው ወዳንቺ ነው።»