መሬት ላይ የቀረው ሴንጢ

በአንድ ወቅት፣ ስለት ከእጅ ወደ እጅ በማይተላለፍበት አገር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት በገዛ ቤቷ ወለል ላይ በተጋደመ ሴንጢ የተነሳ መግቢያ መውጫ አጣች።

ያገሩ ልማድ እንዲህ ነው። ቢላዋም ይሁን መርፌ፣ ምላጭም ይሁን ሴንጢ፣ ሰጪው መሬት ያስቀምጠዋል፤ ተቀባዩ ጎንበስ ብሎ በራሱ እጅ ያነሳዋል። እጅ ለእጅ የተቀባበሉ ሰዎች መጣላታቸው አይቀርም ይባላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ለሌላ ሰው የተቀመጠ ስለት ማንሳት ነው፤ ያነሳው ሰው ጠቡን ይዞ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው መሬት ላይ ስለት ሲያይ መጀመሪያ «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ ዞሮ ያልፋል።

የማንጠግቦሽ ባል ቢተው ሴንጢ ሠሪ ነበር። ሴንጢ የሚሠራ ባለእጅ ሞልቷል፤ የቢተው ሴንጢ ግን ሲከፈትም ሲዘጋም ቀጭ ይላል፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ባለቤቱ ካላጠፈው በቀር ጣት ላይ አይዘጋም። ምስጢሩ ስለቱን ወጥሮ የሚይዘው ሞላ ላይ ነበር። ሞላውን እንዴት እንደሚያስቀምጠው ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ዓይኑ ጠፍቶ ብረቱን ሌሎች በሚቀጠቅጡለት ጊዜ እንኳ ሞላውን ቤቱ ወስዶ፣ በጣቶቹ እየዳበሰ ብቻውን ነበር የሚገጥመው።

የመጨረሻውን ሴንጢ በጨረሰ ሰሞን ታመመ። ማንጠግቦሽ፣ አበልጃቸው ትርንጎ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር ጥጋቡ፣ እንዲሁም አብረውት የሚሠሩት ዘለቀና ሚስቱ አበዛሽ አልጋውን ከበው ተቀምጠዋል። ቢተው ሴንጢውን ከትራሱ ሥር አወጣ፣ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ መሬት ላይ አኖረውና «ያንሱት» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር በዚያው አረፈ።

አያችሁ መከራውን? «ያንሱት» ማለት «እርስዎ ያንሱት» ማለት ነው። «እነሱ ያንሱት» ማለትም ነው። ቢተው ትርንጎን አበልጁ ስለሆነች አንቺ ብሏት አያውቅም። ጥጋቡንም ታላቁ ስለሆነ እርስዎ ነው የሚለው። ዘለቀንና አበዛሽን ደግሞ ለሚስቱ ሲያነሳቸው «እነሱ» ይላቸዋል። ወደ ማን አይቶ ተናገረ እንዳይባል ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ሲናገር ዓይኑ ጣራው ላይ ነበር።

ማንጠግቦሽ ባሏን ከልቧ አለቀሰችው። እንባዋ ሳይደርቅ ግን ተናደደችበት። በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበር፤ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ሌላ ሰው ይሙላው የሚል። «ያንን አምጪ» ይላታል፤ የቱን ብላ ስትጠይቀው ይቆጣል። አንድ ስም ጠርቶ ቢሞት ምን ነበረበት? ልቅሶ ደራሹ ሁሉ ሴንጢውን እየዞረ ሲቀመጥ አይታ፣ ሰው እንዳይረግጠው ቁና ደፋችበት። ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች። እንስራዋን አዝላ ስትገባ ቁናው ያደናቅፋታል፤ «ኤጭ! አንተ ሰውዬ!» ትላለች፣ ቁናውን ሳይሆን ሟቹን።

ከሐዘኑ በኋላ መጀመሪያ የመጣችው ትርንጎ ናት። ትርንጎ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎጆዋን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ናት። አንድ ክረምት በሬዋ ገደል አፋፍ ላይ ሲግጥ የታሰረበት ጠፍር ጉቶ ላይ ተጠምጥሞ አነቀው፤ እሷ አጠገቡ ቆማ፣ በእጇ ስለት ስላልነበረ፣ በጥርሷ ስትታገል ሞተባት። ቀንዱን ለዋንጫ ቢጠይቋት እንቢ ብላ ለሴንጢ እጀታ እንዲሆን ለቢተው አመጣችለት። «ቀንዱ የበሬዬ ነው» አለች። «ከመቀነቴ የማይለይ ሴንጢ ይሁንልኝ ብዬ ነው የሰጠሁት። እርስዎ ያለው እኔን ነው፤ ሌላ ማንን ይላል?»

ቀጥሎ ጥጋቡ መጣ። ጥጋቡ መኪና ይነዳ በነበረበት ዘመን በሄደበት ገበያ ሁሉ ሴንጢ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው። የቀንድ አለው፣ የእንጨት አለው፣ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው ብለው ያታለሉትም አለው። ሁሉንም በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያኖራቸዋል፤ እሑድ እሑድ ያወጣቸዋል፣ ከፍቶ ዘግቶ ድምፃቸውን ይሰማል፣ ይመልሳቸዋል። በአንዳቸውም ሽንኩርት እንኳ ቆርጦባቸው አያውቅም። ቢተው ዕድሜ ልኩ የሠራው የመጀመሪያ ሴንጢ እሱ ዘንድ ነው። ለመጨረሻው ደግሞ፣ ዕድሜውን የነዳት መኪና ስትፈታ፣ ባሌስትራዋን፣ ከሥር የሚሸከማትን ብረት፣ ተሸክሞ ያመጣለት እሱ ነው። «ብረቱ የመኪናዬ ነው» አለ። «መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ሣጥን ይደሩ። ማንጠግቦሽ፣ ባልሽ እርስዎ እያለ የሚያከብረው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ዘለቀና አበዛሽ የመጡት አብረው ነው። እሱ መዶሻ፣ እሷ ወናፍ ይዘው፣ ቢተው ማየት ካቃተው ጀምሮ ብረቱን ቀጥቅጠው ለስለት ያደረሱት እነሱ ናቸው። ሞላው ብቻ ነው የቀራቸው። «እማማ፣ እኛ ለመያዝ አይደለም የምንፈልገው» አለ ዘለቀ። «ልንፈታው ነው። አስቀማመጡን ካየን እንማራለን። ላንቺ ሲነግርሽ ነው፣ እነሱ ያንሱት ያለው።» አበዛሽ ቁናውን ብቻ ታይ ነበር።

እንግዲህ ማንጠግቦሽ አንድ ልጅ ነበረቻት፤ እሷም ሩቅ አገር ተድራለች። ከሰው የቀሩላት እነዚህ ናቸው። መሬቷን በበሬዎቿ የምታሳርስላት ትርንጎ ናት። ቀኑ ሲረዝምባት መጥቶ የሚያጫውታት ጥጋቡ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደጇ ዝም እንዳይል የወናፉን እሳት ያላጠፉት ዘለቀና አበዛሽ ናቸው። የአንዱን ስም ከጠራች በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ደጇን ዘጋች ማለት ነው። ካልጠራችም ሦስቱ ወገኖች ደጇ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው እየቀዘቀዘ መጥቷል፤ ጥጋቡ ትርንጎ ካለች አይገባም፣ ትርንጎም የዘለቀን ድምፅ ከሰማች መንገድ ትቀይራለች። ባሏ ያንን ሴንጢ ይዞት በተቀበረ እስክትል ደርሳ ነበር።

ቄሱን አማከረቻቸው። «ለቤተ ክርስቲያን ስጪውና ተገላገዪ» አሏት። «ታዲያ ማን ያንሳው፣ አባ?» ስትላቸው ቁናውን አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጸሎት አድርሰው ወጡ። ዕጣ ይጣል ስትል ሦስቱም አይሆንም አሉ፤ የሟች ቃል በዕጣ አይፈታም ብለው። በተራ ይያዝ ስትል ደግሞ ጥጋቡ ሳቀባት። «እነ ዘለቀ በተራቸው ከፈቱት በኋላ ለኔ የሚደርሰኝ ምኑ ነው?» አለ።

አንድ ጧት ጩኸት ተሰማ። ትርንጎ አዲስ የገዛችው በሬ፣ እዚያው አፋፍ ላይ፣ ተንሸራቶ ከታች ካለው እርከን በላይ ተንጠልጥሏል። የኋላ እግሮቹ መሬቱን ነካ ያደርጋሉ እንጂ አይረግጡም፤ ጠፍሩ አንገቱን ይዞታል። ትርንጎ ወደ ቅርቡ ቤት፣ ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ሮጣ ገባች። ቁናውን ገለበጠች፣ እጇን ዘረጋች፣ ሴንጢውን ልትነካ ስትል ራሷ መልሳ ሰበሰበችው።

«አበልጄ፣ የኔ ነው በይኝ! አንድ ቃል ብቻ!»

ማንጠግቦሽ ያላወቀችውን ምን ብላ ትናገር? የወጥ ቤት ቢላዋዋን አንስታ፣ በዚያም ጭንቀት ውስጥ ልማዱ አልቀረም፣ መሬት ላይ አስቀመጠችላት። ትርንጎ አንስታው ሮጠች። ቢላዋው ከሽንኩርት ሌላ የማያውቅ ደነዝ ነበር፤ ጠፍሩን ከመቧጨር አላለፈም።

ዘለቀ ግን ቀድሞ ወርዶ ነበር። ከበሬው ሥር ገብቶ ደረቱን በትከሻው ወደ ላይ ደገፈው፤ በሬው ትንፋሽ አገኘ፣ የዘለቀ ትከሻ ሲሰበር ግን ከላይ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ቢሆንም አልለቀቀም። አበዛሽ መጥረቢያ የሚወዛወዝበት ቦታ እንደሌለ ስታይ ወደ ጥጋቡ ቤት በረረች።

ጥጋቡ ከሣጥኑ የፈለገውን ማንሳት ይችል ነበር። እጁ የሄደው ግን ወደሚያምነው፣ ወደ ቢተው የመጀመሪያ ሴንጢ ነው። ሽማግሌው ሰው አፋፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቆረጠ፣ ቆረጠ፤ ጠፍሩ ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው ስለቱ ተጠማዘዘ፣ ሞላው ተሰብሮ ተፈናጥሮ ገደል ገባ። በቀረው ስለት ጨረሰው። በሬው እርከኑ ላይ ወደቀና ተነስቶ ቆመ። ትርንጎ የጥጋቡን እጅ ስማ አለቀሰች፤ ጥጋቡም አለቀሰ፣ ለሌላ ነገር።

ማንጠግቦሽ በዚያ ቀን ደስ አላት። ከዚህ ወዲያ አንዱ ላንዱ ይተዋል ብላ አሰበች። በማግሥቱ ሁሉም ቤቷ ሲሰበሰቡም ለዕርቅ የመጡ መስሏት ነበር። ምን ያደርጋል፣ እያንዳንዱ የከፈለውን ይዞ ነው የመጣው።

«በሬዬ ሊሞት ሲል እያየሁ እጄን የሰበሰብኩት የሰው ቃል አክብሬ ነው» አለች ትርንጎ። «ነገም ይህ ይደርስብኛል። ሴንጢ የሚሠራው ሊቆረጥበት ነው።»

«ያንቺን በሬ ያዳነው እኮ ያልተቆረጠበት ሴንጢ ነው» አለ ጥጋቡ። «አስቀምጬ ባላቆየው የት ይገኝ ነበር? የመጀመሪያውን ለበሬሽ ሰጠሁ። የመጨረሻውን አንቺ ከያዝሽው ያልቃል፣ እነሱ ከያዙት ይፈርሳል። ታዲያ የቢተው እጅ የት ሊቀር ነው?»

ዘለቀ ክንዱ በነጠላ ታስሮ ተቀምጧል። «ጋሼ ጥጋቡ፣ የእርስዎም የተሰበረው ሊጠገን የሚችለው ይህን ስንፈታ ነው። ካልፈታነው ግን ቀጭ የሚል ሴንጢ ከእንግዲህ አይሠራም።»

«ፈታችሁት መልሳችሁ መግጠም ቢያቅታችሁስ?»

ይህን ጊዜ አበዛሽ አፏን ፈታች። «ሊያቅተን ይችላል» አለች።

ከዚያ ሁሉም ወደ ማንጠግቦሽ ዞሩ። «ሚስቱ ነሽ» አለች ትርንጎ፤ «ምን ማለቱ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብላ ጮኸች ማንጠግቦሽ። «ዕድሜዬን ሙሉ የዚህን ሰው ግማሽ ቃል ስሞላ ኖርኩ! ሲሞት እንኳ አላሳረፈኝም! ሂዱልኝ፣ ሁላችሁም ሂዱልኝ!»

አንዳቸውም አልተነሱም። ብትጮህም ከጩኸቷ በኋላ የምትለውን እየጠበቁ ነው። እሷም በቁጣዋ መካከል አንድ ነገር ገባት፤ የቢተውን ሐሳብ ፈልገው አይደለም የተቀመጡት፣ የሷን ነው። ዛሬ ስም ካልጠራች ሦስቱም ከዚህ ቤት ተኳርፈው ይወጣሉ፤ ከጠራች ደግሞ ሁለቱ። ተነስታ ከሴንጢው በላይ ቆመች።

እናንተ የሰማችሁ ሰዎች፣ እስቲ አግዟት። ቢተው ማንን እንዳለ ከእንግዲህ አይጠየቅም፤ ያንን ተዉት። የበሬዋን ነፍስ ለቃል አሳልፋ ልትሰጥ የደረሰችው፣ ልትቆርጥበት ትፈልጋለች። የመጀመሪያውን ሴንጢ ለሰው በሬ ያጣው፣ ሊጠብቀው ይፈልጋል። ትከሻቸውንና እግራቸውን ያልሰሰቱት፣ ሊፈቱትና ሌላ ሊወልዱበት፣ ምናልባትም ሊያጠፉት ይፈልጋሉ። ሴንጢው አንድ ነው፣ ሴትዮዋም መልስ ይዛ አልቆመችም። ማን ያንሳው?