ያለ ዋስ የማትገኝ ዶሮ

ተረት አለኝ፤ የሚያምነኝ ይጠጋ፣ የሚጠራጠረኝ በሩ ላይ ቆሞ ይስማ።

ሰው ነገር የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። ገዝቶ ያገኛል፣ ለምኖ ያገኛል፣ ወርሶ ያገኛል፣ ካላፈረም ሰርቆ ያገኛል። ሽታዬ ግን የፈለገችው ተውሳ ማግኘት ነበር፤ የባሰው እሱ ነው። እንቁላል የታቀፈች ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በላባት። ከዚያች ዶሮ ሌላ ሀብት የላትም፤ ጫጩቶቹ ካልተፈለፈሉ ባዶ እጇን መቅረቷ ነው። እንቁላሎቹን ሳይቀዘቅዙ በጉያዋ ሸጉጣ ወደ ጎረቤቷ ወደ ድንቄ ሮጠች። የድንቄ ዶሮ ባዶ ቅርጫት ታቅፋ ትቆዝማለች።

«እስኪፈለፈሉ ብቻ ዶሮሽን አውሺኝ።»

ድንቄ ሽታዬን አየች፣ እንቁላሎቹን አየች፣ የራሷን ቆጥ ዞራ አየች። ገዝተሻቸው ነው፣ ተሰጥተውሽ ነው ወይስ ከኔ ቆጥ ስር ለቅመሽ፣ አለቻት።

«ዋስ ካላመጣሽ ዶሮዬ ከቅርጫቷ ንቅንቅ አትልም።»

ሽታዬ ወደ ሸማኔው ወደ አያ ጎሹ ሄደች። ድንቄ ያለ ዋስ ዶሮ አትሰጥ፣ እንቁላሉ ያለ ዶሮ አይሞቅ፤ ዋስ ይሁኑኝ አለች። አያ ጎሹ መወርወሪያውን ሳያቆም፣ አንቺንስ ለኔ ማን ይዋስሻል፣ አላት።

ወደ ባለወፍጮው ወደ አቶ አጥላባቸው ሄደች። ጎሹ ያለ ዋስ ዋስ አይሆን፣ ድንቄ ያለ ዋስ ዶሮ አትሰጥ፣ እንቁላሉ ያለ ዶሮ አይሞቅ፤ ዋስ ይሁኑኝ አለች። አጥላባቸው በዱቄት የነጣ ቅንድቡን አነሳ። ሁለቱ ምን መክረው ነው ወደኔ የላኩሽ? ዋስ አምጪ።

አሁን ሽታዬም ተጠራጠረች። ሦስቱ ተማክረውብኝ ይሆን? እንቁላሎቹን ከቀኝ ብብቷ ወደ ግራ አዛውራ ወደ አዋላጇ ወደ እትዬ ጥሩሰው ገሰገሰች። አጥላባቸው ያለ ዋስ ዋስ አይሆን፣ ጎሹ ያለ ዋስ ዋስ አይሆን፣ ድንቄ ያለ ዋስ ዶሮ አትሰጥ፣ እንቁላሉ ያለ ዶሮ አይሞቅ፤ ዋስ ይሁኑኝ።

«የዚህን መንደር ሰው ግማሹን በእጄ ነው የተቀበልኩት፤ ስለዚህ አላምነውም» አለች ጥሩሰው። «ድንቄን ብቻ አምናለሁ። ዶሮዋን ዝም ብላ የማትሰጥ ሴት ትታመናለች። እሷ ከተዋሰችሽ እኔም እዋስሻለሁ።»

ሽታዬ ምላሷ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጠች። ተመልሳ በድንቄ ደጃፍ ስትቆም ስለ ዶሮ ትንፍሽ አላለችም። ጥሩሰው ከመንደሩ ሁሉ አንቺን ብቻ አምናለሁ ብላለች፤ ለእሷ ዋስ ሁኚኝ አለች።

«እኔን ብቻ?»

«አንቺን ብቻ።»

ድንቄ ነጠላዋን አስተካከለች። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለጥሩሰው ብዬ ነው።»

ከዚያማ ማን ያቆመዋል። ድንቄ ለጥሩሰው ዋስ ሆነች፣ ጥሩሰው ለአጥላባቸው፣ አጥላባቸው ለጎሹ፣ ጎሹ ለድንቄ፤ ድንቄም ዶሮዋን ከነቅርጫቷ አወጣች። እንዳይለወጡ ብላ እንቁላሎቹን ገና ትኩስ እንዳሉ በከሰል ምልክት አደረገችባቸው። ሽታዬም ዶሮዋ እንዳትለወጥ ብላ እግሯ ላይ ክር አሰረች።

ዶሮዋ ብቻ ከየት መጡ አላለችም፣ ዋስም አልጠየቀችም። ክንፏን ዘርግታ አንድ በአንድ ወደ ደረቷ ሳበቻቸው።

ተረቴን ያለ ዋስ አዋስኳችሁ፤ ሳታጎድሉ መልሱልኝ። ማን ማን እዚህ እንደነበረ ግን አይቻለሁ።