ሳይረግፍ የቆየው የኑግ አበባ

አንድ ኑግ ዘሪ ገበሬ ነበር፤ ደምለው ይባላል። ጎረቤቱ ውባንተ ደግሞ ንብ አናቢ ነው፤ ቀፎዎቹን የሚያኖረው በሁለቱ ድንበር ላይ ነበር። ደምለው በጥር ልጁን ሊድር ቀን ቆርጧል፤ የድግሱን ዘይት የሚጠብቀውም ከዚያው ከኑጉ ነው።

ጥቅምት ላይ ማሳው ቢጫ ሲለብስ ንቦቹ ሰፈሩበት። ይሄኔ ደምለው ደሙ ፈላ።

"አያ ውባንተ! ንቦችህ የልጄን የሰርግ ዘይት መጥጠው ሊጨርሱት ነው። አንተ ማር ስትቆርጥ እኔ ገለባ ልውቃ?"

"ኧረ አያ ደምለው፣ ንብ ዘይት ስትመጥጥ የት አየህ?"

"አንሳልኝ ብያለሁ፣ አንሳልኝ!"

ውባንተ ከጎረቤት ጋር መካሰስ አልወደደም። ቅር እያለው ቀፎዎቹን ተሸክሞ ወንዝ ማዶ አማቹ ዘንድ ወሰዳቸው።

ማሳው ጭጭ አለ። ወትሮ ቶሎ የሚረግፈው አበባ እንደደመቀ ቆየ። ደምለው ደስታውን አልቻለውም፤ ሚስቱን ሽታዬን እጇን ይዞ ወስዶ አሳያት።

"አየሽ? መጣጩ ሲጠፋ እንዴት እንዳማረበት!"

ሽታዬ ቀድሞ ካበበው አንዱን ራስ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችው። እፍ ስትለው ምንም አልቀረም። ሌላ ቀጠፈች፤ ያም ባዶ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ የምንጨምቀው አበባውን ነው እንዴ? ፍሬ የለውም እኮ! ከአምና ዘንድሮ የጎደለው ንቡ ብቻ ነው። በል ሂድና ለምነው፤ ልጄን በባዶ ቤት አልድርም!"

ደምለው አፍሮ ወንዙን ተሻገረ። "አያ ውባንተ፣ አጥፍቻለሁ። ንቦችህን መልስልኝ" አለ።

ውባንተ ሳቀ። "እኔስ እሺ፤ እነሱ ይታረቁህ እንደሆን እንጃ!"

ቀፎዎቹ ያንኑ ዕለት ሲመሽ ተመለሱ። ንብ ቂም አታውቅም፤ በማግስቱ ዘግይቶ ያበበው ላይ ወረዱበት። አበባው ፍሬ እየቋጠረ ቶሎ ቶሎ ረገፈ፤ ደምለውም እየሳቀ አየው። የቀደመው ገለባ ሆኖ ቢቀርም ለድግሱ የሚበቃ ዘይት አልታጣም። በሰርጉ ቀን ጠጁ ከውባንተ ማር፣ ወጡ ከደምለው ኑግ ሆነና ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ መሶብ ቀርበው በሉ።

ወገኖቼ፣ ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም። ንቧ የወሰደችውን አየ፤ ትታለት የሄደችውን ግን አላየም። እኛም እኮ እንዲሁ ነን! ሌላው በአጠገባችን ሲጠቀም ከእኛ የተነጠቀ ይመስለናል። አብሮን የሚጠቀም ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የእኛም ፍሬ የሚያፈራው በእሱ ድካም ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ "ከእኔ ወሰደ" ብላችሁ ያባረራችሁት ሰው ማን ነው? አሁንም ጊዜ አለ፤ ሄዳችሁ ጥሩት።