በሁለት እጇ የምትቀበለዋ ሐኪም

አንዲት ቀዶ ሐኪም ለነፍስ አባቷ እንኳ ያልነገረችው ምስጢር ነበራት። ስመኝ ትባላለች። ሥራዋ በማይክሮስኮፕ እያየች ከክር የቀጠኑ የደም ሥሮችን መስፋት ነው። እጇ የተባረከ ነው፤ ነገር ግን ሌላው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው እሷ ዘንድ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ምክንያቱን የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት። መሣሪያ የሚያቀብሏት ጋሽ ተካልኝ የአባቷ እኩያ ናቸው። እሷ ደግሞ ከታላቅ ሰው በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ስለዚህ መቀስ ሲሰጧት ከማይክሮስኮፑ ቀና ትላለች፤ በእጇ ያለውን ታስቀምጥና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ትቀበላለች። ጋሽ ተካልኝም ጨዋ ናቸውና አጸፋውን ጎንበስ ይላሉ። ወደ ማይክሮስኮፑ ስትመለስ የደም ሥሩ የለም። ፈልጋ ስታገኘው ደግሞ የመርፌው ተራ ይደርሳል።

አንድ ቀን ጋሽ ተካልኝ እያቀበሏት በታረደች ዶሮ እግር ላይ ስትለማመድ አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ቆመው አዩዋት።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ቀጭኔ ቀና ቀና የምትይው?»

«አንገቴን... ትንሽ ያመኛል» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ዶሮዋስ ሞታ ነው የመጣችው፤ ትታገሥሻለች። ነገ ግን አውራ ጣቱን መጋዝ ለቆረጠበት አናጢ ከእግሩ ጣት ወስደን ምትክ እንሠራለታለን። ደም ቶሎ ካልደረሰው ጣቱ ይሞታል። እንዲህ የምትንቀረፈፊ ከሆነ ወንበሩን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አናጢውን ልታየው ሄደች።

«ዶክተርዬ፣ መዶሻ ይያዝልኝ እንጂ መልኩ እንኳ ግድ የለኝም» አላት።



በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ተካልኝን ኮሪደር ላይ አስቆመቻቸው። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ለጥ ብላ እጅ ነሳች። ደገመች። ሠለሰች።

«ኧረ በቃ ልጄ! ምነው፣ አገር ልትለቂ ነው እንዴ?»

«አይ ጋሼ... የዛሬውን አስቀድሜ ልጨርስ ብዬ ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ገቡ። እሷም ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል አንድ እጇን ብቻ ዘረጋች። «መቀስ» አለች፤ ጆሮዋ ግን በሐፍረት ጋለ። የመጨረሻው ክር ሲቋጠር ነጥቶ የነበረው ጣት ቀላ።

አክብሮት መልካም ነው፤ ሥራ መሐል ሲገባ ግን ዋጋውን የሚከፍለው በዝምታ የተኛው ሰው ነው። እኛስ ለአንዱ ጎንበስ ስንል ማንን እያስጠበቅን ይሆን?