ለሰባት ቀን የታሰረው ክንድ

ጀማዓ፣ ይህን ታሪክ የነገሩኝ ቀን ራሴን ይዤ ነው የቀረሁት። እናንተም ሳትደነግጡ አትሰሙትም።

የግንብ አጥሯ በፈራረሰ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼኽ ሙዘሚል የሚባሉ ወጌሻ ነበሩ። ቀን የተሰበረ አጥንት ይጠግናሉ፤ ከመግሪብ በኋላ ተማሪ ሰብስበው ኪታብ ያቀራሉ። አንድ ደንብ ነበራቸው፦ በቀርከሃና በጨርቅ የታሰረ ስብራት ሰባት ቀን ሳይሞላው አይፈታም። ደንቡን ከሜዳ አላመጡትም። ቀድሞ ሰዉ ባሳከከው ቁጥር እየፈታ ስንቱ አንካሳ ሆኖ ቀርቷል። በኋላ ሼኹ መስጊድ ውስጥ ቆመው "ከሰባት ቀን በፊት ላልፈታ ወላሂ!" ብለው ማሉ፤ የሚታሰረውንም ሁሉ ያስምሉ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ጠማማ አጥንት አልወጣም። ከሩቅ አገር ሳይቀር በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣላቸው ብዙ ነበር።

ደንቡን አጥብቆ የሚጠብቀው ደግሞ ጦይብ ነበር፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ከሼኹ ሥር ተምሮ ራሱ ወጌሻ የሆነ፣ ፂሙ ሸበት ያለ ሰው። ሼኹ ቢረሱ እሱ አይረሳም።

አንድ ቀን ኑርዬ የሚባል ሸማኔ ከጣሪያ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ጦይብ አጥንቱን ገጠመለት፤ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ሸፍኖ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ኑርዬም እንደ ወጉ ማለ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ሚስቱ ዘሀራ ጦይብ ደጅ ደረሰች።

"ወንድም ጦይብ፣ ከታሰረ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ አላላለት።"

"አጥንት ሲገጥም ያማል። ሰብር ያድርግ፣ ይታገሥ።"

"ከዚህ በላይ ምን ሰብር አለ? ጥርሱን ነክሶ ያድራል እኮ!"

"እህቴ፣ መሐላ አለበት። አራት ቀን ነው የቀረው።"

ጦይብ ይህን ብሎ በንጹሕ ልብ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዘሀራ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ሼኹ ዘንድ ሄደች። ሼኹ ከሌላ በሽተኛ ዘንድ እስኪመለሱ ጠበቀቻቸው፤ ዐስር ሰግደው ጦይብን አስከትለው ወደ ኑርዬ ቤት መጡ።

"እንዴት ነህ ኑርዬ?" አሉት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ከቀትር ወዲህ ተሽሎኛል። ሕመሙ ጠፍቷል።"

ጦይብ ፊቱ በራ። "አላልኩሽም?" አላት ዘሀራን። የሼኹ ፊት ግን ጠቆረ።

"እስቲ ጣቶችህን አንቀሳቅስ።"

"ሼኽዬ፣ ጣቶቼ የት እንዳሉም አላውቅ።"

"መቀስ አምጪ!" ብለው ጮኹ ሼኹ። ሲጮኹ ጦይብ ሰምቶ አያውቅም። መቀሱን ሲያነሱ እጃቸውን ያዘ።

"ሼኽዬ! ወላሂ ብለው በጀማዓ ፊት የማሉትስ?"

"ምሎ ከማለበት የተሻለ ነገር ያየ፣ የተሻለውን ይሥራና ለመሐላው ማካካሻ ከፋራ ያውጣ ብለውናል ረሱል ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም። ልቀቀኝ!"

ጨርቁ ተቀደደ። ያ ረቢ! እጁ እንደ ጉበት ጠቁሯል፤ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተወጥሯል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ዘሀራ ጮኸች። ያን ሸክፎ ያሰረው የጦይብ የገዛ እጁ ነበር። ኑርዬ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየውና "ማልኩኝ እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "ስለ መሐላው ነው ዝም ያልኩት።"

ሼኹ ጣቶቹን ገልጠው፣ አላልተው እንደገና አሰሩት። አላህ አራቱን ጣት መለሰለት፤ ትንሿ ጣት ግን ደርቃ ተቆረጠች።

በጁምዓው ሼኽ ሙዘሚል ከሶላት በኋላ ተነሡ። "መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ለከፋራው ዐሥር ሚስኪን አበላለሁ። የኑርዬ ጣት ጥፋቱ የጦይብ አይደለም፣ የእኔ ነው። ቀን መቁጠር አስተማርኩት፣ እጅ ማየት አላስተማርኩትም። ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ አላስምልም።" መስጊዱ ተንጫጫ። ሃያ ዓመት ያመኑት ሰው በገዛ አንደበታቸው "አጠፋሁ" ሲሉ መስማት ቀላል አልነበረም።

ደጅ ላይ እግሩ ከታሰረ አራት ቀን የሆነው ሸምሱ የሚባል ጨው ነጋዴ በሰው ተደግፎ ጠበቃቸው።

"እንግዲያው የእኔንም ይፍቱልኝ፤ ማሳከኩ ሊገድለኝ ነው!"

ሼኹ ጎንበስ ብለው የእግሩን ጣቶች ገለጡ፤ ዳሰሱ፤ ቆነጠጡ። ሸምሱ "ኧረ!" ብሎ ዘለለ።

"ደህና ነህ። ሦስት ቀን ይቀርሃል።"

"ለኑርዬ ፈተውለት የለም እንዴ?"

"የኑርዬን እጅ አይቼ ፈታሁ። ያንተን እግር አይቼ አልፈታም።"

ጦይብ ይብሱን ግራ ገባው። "ሼኽዬ፣ ታዲያ ደንቡ የቱ ነው?"

"ሰባት ቀን እሰር" አሉት። "ጣቱን ግን አትሸፍን፤ በየቀኑም ሄደህ እየው።"

ጀማዓ፣ ጦይብ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልደነገጥኩ። በቢስሚላህ ጀምሮ የተማረውን አንዲት ሳያጎድል ነው የሠራው፤ ደንቡም ስንቱን ከመሽመድመድ ያዳነ መልካም ደንብ ነው። ይህም ሆኖ በዚያ በሚያምር እስር ውስጥ የሰው እጅ እየሞተ ነበር። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ጸሐፊውም "አሠራሩ ነው" ብለን ሰው ከደጃችን መልሰን ምሳችንን በሰላም የበላንበት ቀን የለም? ዘሀራ ሼኹን አገኘች። እኛ የመለስነው ሰው ወዴት እንደ ሄደ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም።