የወፍጮ ዕቃ ነጋዴው አሮጌ ድረ ገጽ

አንድ የወፍጮ መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ልሳነወርቅ ይባላል። ድረ ገጹ ከማርጀቱ የተነሳ ፎቶው ደብዝዞ፣ ጽሑፉ እርስ በርሱ ይደራረብ ነበር። ይሁን እንጂ በየገጠሩ ያለ ባለወፍጮ ድንጋዩ ሲዶለዱምበት ወይም ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲበጠስበት ስልኩን አውጥቶ ጎግልን ሲጠይቅ፣ ቀድሞ የሚመጣለት የእሱ ገጽ ነው። የልሳነወርቅም ሆነ የሠራተኞቹ እንጀራ ከዚያ ነው።

አንድ ቀን የእህቱ ባል ገጹን አይቶ ሳቀበትና «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» አለው። ነገሩ ከነከነው፤ አፈረም። ወለላ የምትባል የድረ ገጽ ባለሙያ አስጠርቶ «ጠራርገሽ ጣይልኝ፤ ከአሮጌው አንድም ነገር እንዳላይ» አላት። አዝመራ ተሰብስቦ ወፍጮ የሚበዛበት ወቅት ተቃርቧል። የዓመቱ ገበያ ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ መጣሉስ ቀላል ነው» አለች ወለላ። «ግን የድሮዎቹ ገጾች አድራሻ ከጠፋ፣ ፈልጎ የመጣ ሰው ባዶ ገጽ ነው የሚጠብቀው። ጎግልም ቦታዎን ለሌላ ነጋዴ ይሰጥብዎታል።»

«አንቺ ብቻ አሳምሪው፤ ሰው መምጣቱ መች ይቀራል?»

ይህን እያለ ስልኩ ጠራ። ሱቁ የጠፋበት ደንበኛ ነበር። ልሳነወርቅም «ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብለህ በስተቀኝ» ብሎ አስረዳው።

«የቱ ዳቦ ቤት?» አለች ወለላ።

«ከፈረሰ ቆይቷል። ሰው የሚያውቀው ግን በእሱ ነው፤ እሱን ካልነገርኩት በምን ያገኘኛል...» ብሎ ንግግሩን አቋረጠ። ከዚያ በራሱ ሳቀ። «ገባኝ ልጄ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር።»

ወለላ የድረ ገጹን መልክ ከሥር እስከ ጫፉ አደሰችው። ባለወፍጮዎች ጎግል ላይ የሚፈልጉበትን ቃልና የዶለዶመ ድንጋይ ስለመውቀር የተጻፈውን ምክር ግን አልነካችም። በአሮጌው አድራሻ የሚመጣው ሁሉ፣ ቺንጋ ፈላጊው ወደ አዲሱ የቺንጋ ገጽ፣ ድንጋይ ፈላጊው ወደ ድንጋዩ ገጽ እንዲደርስ አድርጋ አገናኘችው።

አዲሱ ገጽ በተከፈተ ሰሞን ጎግል ላይ ከአንደኝነቱ ትንሽ ዝቅ አለ። ልሳነወርቅ እህል አልወርድለት አለ። ወለላ «አይዞዎት፣ ይመለሳል» አለችው። እውነትም ወቅቱ ሲገባ ተመልሶ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። ስልኩ ፋታ አጣ፤ ሠራተኞቹ ድንጋይ ሲጭኑ እየዋሉ ያመሹ ጀመር። ከሩቅ የደወለ አንድ ባለወፍጮ «በዱሮው በኩል ነው የገባሁት፤ ቤቱ ግን አምሮበታል» ሲለው፣ ልሳነወርቅ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ማደስ ደግ ነው። ሰው አምኖህ የመጣበትን መንገድ ዘግተህ በር ብታሳምር ግን የሚያንኳኳ አታገኝም። አንተስ ወዳጄ፣ አሮጌውን ለመጣል ስትነሳ ሰው ያወቀህ በምኑ እንደሆነ ጠይቀሃል?