በሩን የዘጋው ጆንያ ሰፊ

አንድ ጆንያ ሰፊ ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል። በአንዲት የገበያ ከተማ፣ በእህል ተራ ጫፍ ላይ ካለች ጠባብ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ የነጋዴዎቹን የተቀደደ ጆንያ በወፍራም መርፌና በሲባጎ ይጠግናል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ የለውም። የእህል ተራ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ ጓንጉል እምቢ ማለት አይችልም። መጋዘን ጠብቅልኝ ሲሉት ይጠብቃል። ሥራህን አስቀምጠህ ሸክም አግዘኝ ሲሉት ያግዛል። ጥሩ ሰው ይሉታል። እሱም ጥሩ ሰው መሆን ማለት ይህ ይመስለው ነበር።

በእህል ተራው ሰባት መጋዘኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱም አንድ ድመት ነበረው። ነጋዴዎቹ ድመት የመዋዋስ ልማድ ነበራቸው። የአንዱ መጋዘን አይጥ ሲበዛበት የጎረቤቱን ድመት በቅርጫት ወስዶ ሦስት አራት ቀን ያቆያታል፤ ከዚያ ጠግባ ትመለሳለች። ድመቱን የከለከለ ነጋዴ በገበያው ሁሉ በክፉ ስለሚነሳ የሚከለክል አልነበረም።

አንድ ክረምት በድመቶቹ ላይ በሽታ ገባ። የታመመች ድመት መብላት ታቆማለች፣ ታስመልሳለች፣ ከዚያ ውሃ ያለበት ዕቃ አጠገብ ሄዳ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ውሃውን ታየዋለች እንጂ አትጠጣም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትሞታለች። የአንዱ ድመት ስትሞት ጎረቤቱ አዝኖለት የራሱን ያውሰዋል፤ እሷም ትሞታለች። ክረምቱ ሳይወጣ በሰባቱ መጋዘኖች አንድም ድመት አልቀረም። በሽታውን ከቤት ወደ ቤት በቅርጫት ያዞሩት ራሳቸው መሆናቸውን ግን ማንም ልብ አላለም።

በዚያው ሰሞን ደርሶ ከሚባል ነጋዴ መጋዘን ጀርባ፣ ባለቤት የሌላትና ሰው ነክቷት የማያውቅ አንዲት ድመት ሞታ ተገኘች። በግድግዳውና በጆንያው ክምር መካከል አራት ግልገሎች ነበሯት። ሰው ሲቀርባቸው ፀጉራቸውን አቁመው፣ ጥርሳቸውን አሳይተው ይቆጡ ነበር። ደርሶ በሽታ ያለባቸው ናቸው ብሎ በአሮጌ ጆንያ አስገባቸውና ወደ ጓንጉል ይዟቸው መጣ። አፉን ስፋልኝ፣ ወንዝ እጥለዋለሁ አለው።

ጓንጉል ጆንያው ሲንቀሳቀስ አየ። እምቢ ማለት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ከአፉ አልወጣም። እሺ፣ እኔው እጥለዋለሁ፣ አንተ አትልፋ ብሎ ተቀበለው። ደርሶም አመስግኖት ሄደ። ጓንጉል ጆንያውን አልሰፋም። ወደ ጓዳ አስገብቶ ፈታው፤ አራቱም እየዘለሉ ወጥተው ከአሮጌ ጆንያዎች ክምር ሥር ተደበቁ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። በየሳምንቱ በገበያ ቀን ወደ ከተማዋ የሚመጡ አንዲት የከብት ሐኪም አሉ። ጓንጉል በሬ አክመው እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ አፍሮ እየተንተባተበ ነገራቸው። ሐኪሟ አልሳቁም። መጥተው ከበሩ ላይ ሆነው ግልገሎቹን ተመለከቱ። እናታቸው የሞተችበት በሽታ ነክቷቸው ይሆናል አሉት፤ ሊታመሙም፣ ሊተርፉም ይችላሉ። ለሦስት ሳምንት ከዚያ ጓዳ አንድም ግልገል አይውጣ፣ ከእሱ በቀር ማንም አይግባ። ጓዳው ውስጥ ብቻ የሚጫማው አንድ ጫማ ይኑረው፤ በገባና በወጣ ቁጥር እጁን ይታጠብ፤ ወለሉን በበረኪና ይጥረግ። በሽታው በወለልና በጫማ ላይ ለወራት ይቆያል፤ ስለዚህ ድመቶቹ የሞቱባቸውን መጋዘኖች እነዚህ ግልገሎች እንዳይረግጧቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክትባት ከትልቁ ከተማ ይዘው ይመጣሉ።

“ቃል ትገባልኛለህ?” አሉት።

“እሺ፣ ዶክተር” አለ ጓንጉል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ወደ ጓዳው አስገባ። ከሉካንዳ ሳንባ እየለመነ፣ ቀቅሎና አድቅቆ ያበላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን እጁን ቧጥጠው አደሙት፤ ከዚያ ወዲያ ሳህኑን ሲያስቀምጥ ክንዱን በጆንያ ይጠቀልላል። ሲያያቸው እንደሚፈሩ ስላወቀ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጦ ይሰፋል። በበረኪናው ብዛት የጣቶቹ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ስም ያወጣላቸው ከሚያውቀው ነገር ነው፤ ነጯን ጤፍ፣ ቀዩን ማሽላ፣ ቡናማዋን ሽንብራ፣ ጥቁሩን ኑግ አላቸው። በስምንተኛው ቀን ኑግ ከክምሩ ሥር ወጥቶ የሲባጎውን ጫፍ ነከሰ። ጓንጉል እንዳይሸሽበት ብሎ መርፌውን አየር ላይ እንደያዘ ብዙ ቆየ።

በዚህ መካከል መጋዘኖቹን አይጥ ወረራቸው። ጆንያው ሁሉ እየተበሳ እህሉ ወለል ላይ ይፈስ ጀመር። ግልገሎቹ በሕይወት እንዳሉ ሲሰማ ደርሶ አልተቆጣም፤ ሳቀ። ጓንጉል ያለ ሚስት አራት ልጅ ወለደ እያለ በየመጋዘኑ ዞሮ አወራ። አንድ ቀን ግን የተቀደደ ጆንያ ተሸክሞ መጥቶ በሩ ላይ ጣለለትና ሰው እየሰማ እንዲህ አለው፦

“አሁን ገባኝ። አይጥ ሲበዛ ለአንተ ሥራ ይበዛል። ድመቶቹን የደበቅካቸው ለዚህ ነው።”

ሰዎቹ ሳቁ። ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ጆንያውን አነሳ። ነገሩ ግን ውስጡ ገብቶ ቀረ። ደርሶን አምነውት ይሆን እያለ እያንዳንዱን ሰው ማየት ፈራ።

በማግስቱ ጋሼ ባይለየኝ መጡ። ጋሼ ባይለየኝ የእህል ተራው ሽማግሌ ናቸው። የጓንጉል ሚስት የሞተች ጊዜ መጋዘናቸውን ሦስት ቀን ዘግተው በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሰው የሚያስቀይም ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እሳቸውም ቢሆኑ በአይጡ ተቸግረው ነበር።

“ልጄ፣ አንዱን ግልገል ለአንድ ቀን ብቻ አውሰኝ” አሉት። “እንዲያድንልኝም አይደለም። አይጦቹ ሽታውን ካገኙ ይሸሻሉ።”

ጓንጉል ሐኪሟ ያሉትን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት የድንኳኑ ቀን ትዝ አለው፤ ትናንት የሳቁት ሰዎችም ታዩት። ለእኚህ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ከአራቱ ጠንካራው ኑግ ነው፣ አንድ ቀን ምን ያደርገዋል ብሎ ራሱን አሳመነ። ኑግን በጆንያ ጠቅልሎ በቅርጫት አስቀመጠና ሰጣቸው።

ማምሻውን ጋሼ ባይለየኝ ኑግን ራሳቸው ይዘው መለሱት። ወተት አጠጥተውታል፤ ሆዱ ተነፍቷል። ጓንጉል ቅርጫቱን ተቀብሎ ጓዳው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። የሐኪሟ ቃል አሁን መጣበት። ከሌሎቹ ጋር ሊቀላቅለው አልደፈረም፤ በፊተኛው ክፍል በሣጥን ውስጥ አኖረው። ኑግ እህቶቹና ወንድሙ ካሉበት ክፍል ለመግባት በሩን እየቧጠጠ ይጮህ ነበር። ከውስጥም ይመልሱለታል። ጓንጉል በመካከላቸው ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል።

በአራተኛው ቀን ኑግ ሳንባውን ሳይነካው ተወው። በአምስተኛው ቀን ከውሃው ዕቃ አጠገብ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ሐኪሟ መጡ። መርፌ ወጉት፣ ውሃ በጠብታ በአፉ ጨመሩለት፤ ግን ጊዜው እንዳለፈ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ጓንጉል ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሐኪሟም ከዚያ ጠየቁት፦

“ጓንጉል፣ ለእኔ ቃል የገባህልኝ አምነህበት ነበር?”

ጓንጉል የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን እያየ አሰበ። መዋሸት አልፈለገም።

“ለእርስዎም እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው” አለ።

“እንግዲያ እሺታህን ማንም ሊደገፍበት አይችልም” አሉት። የተናገሩት ሳይቆጡ ነው፤ ለዚህም ይመስላል የበለጠ የከበደው። ቀጥለው፣ ሦስቱ እስካሁን ደህና መሆናቸውን፣ ነገር ግን እሱ በሁለቱ ክፍል ስለተመላለሰ ሦስቱ ሳምንት ከዛሬ ጀምሮ እንደገና እንደሚቆጠር ነገሩት። በዚህኛው ጊዜ ቃል አላስገቡትም። ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ።

ኑግ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ጓንጉል አዲስ ጆንያ ቆርጦ ጠቀለለውና፣ ከከተማው ውጭ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ያን ጆንያ ግን ሰፋው። በሕይወቱ እንደዚያ ጥንቅቅ አድርጎ የሰፋው ስፌት አልነበረም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋሼ ባይለየኝ የኑግን መሞት ሰምተው መጡ። እጅግ አዝነው ነበር። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው ወተት የሞላ ጆግ ይዘዋል። በአገሩ ልማድ የተጎዳን ሰው ቤቱ ገብተው ነው የሚያጽናኑት፤ የታመመም ካለ አጠገቡ ሆነው ነው የሚጠይቁት። እሳቸውም የቀሩትን ልያቸው ብለው በቀጥታ ወደ ጓዳው አመሩ። እግራቸው ላይ ያለው ሁልጊዜ መጋዘን የሚውሉበት ጫማ ነው፤ ጠርዙ ላይ የእህል ብናኝ አለበት።

ጓንጉል ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ።

“አይግቡ፣ ጋሼ።”

ሽማግሌው የሰሙትን አላመኑም። “እኔን ነው?” አሉ።

“አዎ። አይግቡ። ወተቱንም አልቀበልም።” በሁለት እጁ መቃኑን ያዘ። “ኑግን ስሰጥዎት ነው የገደልኩት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ በሽታው በመጋዘን ወለልና በጫማ ላይ እንደሚቆይ አልነገርኩዎትም። አሁን ግን ነግሬዎታለሁ።”

በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ጋሼ ባይለየኝ ጆጉን እንደያዙ፣ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ ቀስ ብለው ሄዱ። ጓንጉል በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበት። 

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ጓንጉል ሽማግሌ ከደጁ መለሰ ተባለ። ሰላምታ የሚሰጠው ቀነሰ፤ ጆንያ የሚያመጣለትም ቀነሰ። ደርሶ እንኳ መቀለዱን ተወ። ጓንጉል በየቀኑ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ያምረዋል፤ ግን ይቅርታ ከጠየቀ ግቡ ማለቱ እንደማይቀር ራሱን ስለሚያውቅ አልሄደም። ጓዳው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰፋል። ሦስቱ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይተኛሉ። በየጠዋቱ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የውሃውን ዕቃ ነው፤ ማንም አጠገቡ አንገቱን ደፍቶ አለመቀመጡን።

ሦስቱ ሳምንት አለቀ። ሐኪሟ መጥተው ሦስቱንም ከተቡ፤ ክትባቱ እንዲይዝም ጥቂት ሳምንት አስጠበቁ። ነጋዴዎቹን ሰብስበው በሽታው እንዴት እንደተዛመተ አስረዷቸው፤ መጋዘኖቹም በበረኪና ታጠቡ። ግልገሎቹን ሲሰጥ ጓንጉል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሐኪሟ ሳይፈቅዱ ከእንግዲህ ማንም ድመት እንዳያውስ። ደርሶ ጓንጉል ደግሞ ሕግ አውጪ ሆነ ብሎ አጉረመረመ፤ ሆኖም ማሽላን ተቀብሎ ሄደ። ሽንብራ እዚያው ከጓንጉል ጋር ቀረች።

ጤፍን ግን ጓንጉል ራሱ ይዞ ወደ ጋሼ ባይለየኝ መጋዘን ሄደ። ሽማግሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ግልገሏን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ለብዙ ቀን በልባቸው የያዙትን ጠየቁት።

“ያን ቀን በሩን ስትዘጋብኝ፣ ጠልተኸኝ ነበር?”

“የለም፣ ጋሼ” አለ ጓንጉል። “ከዚያ በፊት እፈራዎት ነበር። ያከበርኩዎት ያን ቀን ነው። እውነቱን ብነግርዎት ይችሉታል ብዬ አመንኩ።”

ጋሼ ባይለየኝ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት፤ እሱም ተቀመጠ።

ከፍቅር የሚወጣ እሺታ አለ፣ ከፍርሃት የሚወጣ እሺታም አለ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰውን ደስ ያሰኛሉ፣ ሁለቱም ጥሩ ሰው ያስብላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከበሩ ውስጥ ላለው ነው። ጓንጉል እሺ ሲል ያፈረው ከፊቱ የቆመውን ሰው ነበር፤ የሞተው ግን ከኋላው፣ እሱን አምኖ የሲባጎውን ጫፍ የነከሰው ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ማለትም አይችልም፤ የሚወደውን ነገር ሊጠብቅ የሚችለው ሁለቱንም የቻለ ነው። ይሉኝታችን ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው እኛን ሳይሆን፣ ድምፁ የማይሰማውንና የእኛን ጥበቃ ብቻ ተስፋ ያደረገውን ነው።

እናንተስ፣ በቅርቡ አፍራችሁ እሺ ያላችሁ ጊዜ፣ ከኋላችሁ የነበረው ማን ነበር?